ከሰርከስ መረብ እስከ ቤት ጓሮ፦ የልጆች ትራምፖሊን ታሪክና የኃላፊነት ጥያቄ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ። ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ማለታቸውን አልደብቅም። ይህ መድረክ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ቤተ መንግሥት የሚነገርበት መድረክ ነው። ልጆች የሚዘሉበት ሸራ በዚህ ወንበር ላይ ምን ይሠራል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴም ንግግሩ ራሱ ይሆናል።

ወደዚህ ርእስ የመራኝ አንድ ደብዳቤ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት የሚኖረውን ታናሽ ወንድሜን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። በጓሮው ውስጥ ክብ፣ በጥቁር መረብ የታጠረ ትራምፖሊን ተተክሎ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ጥለው የሚሮጡት ወደዚያ ነበር። አንድ ቀን ማታ ወንድሜ ቤቱን መድን ከገባበት ድርጅት የተላከ ደብዳቤ አሳየኝ። ትራምፖሊኑን በተወሰነ ቀን ካላነሣ ውሉ እንደማይታደስለት ይገልጻል። "ጋሼ፣ ልጆቼ በገዛ ጓሯቸው ቢዘሉ እነርሱን ምን አገባቸው?" አለኝ። እርሱ ይህን ያለው ለማማረር ነው። እኔ ግን ጥያቄውን እንደ ታሪክ ጥያቄ ይዤው ተመለስኩ። አንድ የልጆች መጫወቻ ወላጅን፣ ሐኪምን፣ ዳኛንና የመድን ድርጅትን በአንድ ጉዳይ ላይ ያገናኘው በምን መንገድ ነው?

ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ትራምፖሊን በሰባና በሰማንያ ዓመታት ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ ተጉዟል፤ ከስፖርት አዳራሽ ወደ ጦር ማሠልጠኛ፣ ከዚያ ወደ መንገድ ዳር፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ በመጨረሻም ወደ ቤት ጓሮ። በጉዞው ሁሉ ዕቃው አብሮ ሄዷል፤ ዕቃውን የሚያውቀው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ኋላ ቀርቷል።

ታሪኩን ከአንድ ንጽጽር ልጀምር። በአላስካ ሰሜናዊ ጠረፍ የሚኖሩት የኢኙፒያት ሕዝቦች የዓሣ ነባሪ አደናቸው በተሳካ ጊዜ ናሉካታቅ የሚባል በዓል ያከብራሉ። በበዓሉ ላይ ከባሕር እንስሳ ቆዳ የተሰፋ ሰፊ ምንጣፍ ብዙ ሰዎች ዙሪያውን ይዘው ይወጥሩታል፤ አንድ ሰው መካከሉ ላይ ቆሞ በኅብረት ወደ ሰማይ ያጎኑታል። ይህን ልማድ የዘመናዊው ትራምፖሊን አባት አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎች አሉ፤ እኔ ግን የምጠቅሰው ለዝምድና ሳይሆን ለልዩነቱ ነው። በናሉካታቅ ምንጣፉን የሚወጥረው የሰው እጅ ነው። ዘላዩ ሲያጋድል ያዦቹ ያያሉ፣ ይጠጋሉ፣ ያላላሉ። አንዱን ለማጎን ሌሎቹ ሁሉ መገኘት አለባቸው። ብረትና ሞላ የያዦቹን ቦታ የተኩት በኋላ ነው፤ የዛሬው ታሪካችንም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጆርጅ ኒሰን በ1914 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ብሌርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ሰርከስ ሊያይ ገባ። በአየር ላይ የሚወዛወዙት ባለሙያዎች ትርኢታቸውን ሲጨርሱ ራሳቸውን ወደ መረቡ ይጥላሉ፤ መረቡም መልሶ ያነጥራቸዋል። መረቡ የተዘረጋው ለደኅንነት ነበር፤ ኒሰን ግን ንጥረቱ ራሱ ትርኢት ሊሆን እንደሚችል አሰበ። ይህን ነጥብ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ትራምፖሊን የተወለደው ከአደጋ መከላከያ ነው፤ በኋላ ዘመን ደግሞ ራሱ መከላከያ የሚያስፈልገው ዕቃ ሆኗል።

ኒሰን በወላጆቹ ጋራዥ ውስጥ ከወዳደቀ ብረትና ከሸራ የመጀመሪያውን ሙከራ ሠራ። ሸራው ሰውን ይሸከማል እንጂ በሚገባ አያነጥርም ነበር። ወደ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ከጅምናስቲክ አሠልጣኙ ከላሪ ግሪስዎልድ ጋር ሥራውን ቀጠለ። ሸራውን ከብረት ክፈፉ ጋር የሚያያይዘው ነገር ሲለጠጥና ሲመለስ ችግሩ ተፈታ። ይህ የሆነበትን ጊዜ አብዛኞቹ ጸሐፊዎች 1934 ያደርጉታል፤ 1936 የሚሉም አሉ። ኒሰን ራሱ በሀገር አቀፍ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር በምንጣፍ ላይ ግልበጣ ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትራምፖሊን ፈጣሪ፣ የመጀመሪያው ተጠቃሚና የመጀመሪያው አሠልጣኝ አንድ ሰው ነበሩ ማለት ይቻላል። ዕቃውና ዕውቀቱ ገና አልተለያዩም።

ስሙም የመጣው በጉዞ ነው። ኒሰን በ1937 ከጓደኞቹ ጋር በሜክሲኮ እየተዘዋወረ ትርኢት ሲያሳይ፣ በስፓኒሽ ወደ ውኃ የሚዘለልበት ሳንቃ ትራምፖሊን እንደሚባል ሰማ። ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ አጻጻፍ አስጠግቶ የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበው። በ1942 ከግሪስዎልድ ጋር በሴዳር ራፒድስ ከተማ ኩባንያ አቋቋመ። ቃሉ ከጊዜ ብዛት የአንድ ኩባንያ መሆኑ ቀርቶ የዕቃው የጋራ ስም ሆነ፤ እኛም በአማርኛ ሌላ ስም ሳንፈልግለት እንዳለ ተቀብለነዋል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአዲሱ ዕቃ ትልቅ በር ከፈተለት። የአሜሪካ ጦር አብራሪዎቹ በአየር ላይ ሲገለበጡ ራሳቸው ወዴት እንደዞረ እንዳይጠፋቸው በትራምፖሊን ያለማምዳቸው ጀመር። ከጦርነቱ በኋላ ዕቃው በየዩኒቨርሲቲውና በየትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ገባ። በዚህ ዘመን የነበረውን ሥርዓት ማስታወስ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሲዘል በክፈፉ ዙሪያ ጠባቂዎች ይቆማሉ፤ ከባድ ግልበጣ የሚለማመድ ሰው ከጣሪያ በተንጠለጠለ ገመድ ወገቡ ይታሠራል፤ አሠልጣኙ ደረጃ በደረጃ ሳያሳልፈው ወደሚቀጥለው አይሄድም። በናሉካታቅ ምንጣፍ ዙሪያ የነበሩት ሰዎች በሌላ መልክ ተመልሰው ነበር።

ኒሰን ግን ነጋዴም ነበር፤ ዕቃው በአዳራሽ ተወስኖ እንዲቀር አልፈለገም። በ1960 ገደማ በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ከካንጋሮ ጋር ትራምፖሊን ላይ ሲዘል የተነሣው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። ሰውየው በአየር ላይ ነው፤ ካንጋሮዋም ፊት ለፊቱ በአየር ላይ ናት። ፎቶው የሚናገረው መልእክት ግልጽ ነበር፦ ይህ ነገር ትምህርት አያሻውም፣ ማንም ይችለዋል፣ እንስሳም ይችለዋል።

በዚያው ወቅት፣ በ1959 እና በ1960፣ በአሜሪካ ከተሞች መንገድ ዳር የመዝለያ ሜዳዎች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። ባለንብረቱ ባዶ መሬት ላይ ጉድጓዶች ያስቆፍራል፤ ሸራዎቹን ከመሬት ጋር እኩል አድርጎ ይወጥራል፤ ከዚያ በጊዜ እየለካ ያስከፍላል። ሸራው ከመሬት እኩል በመሆኑ ከከፍታ መውደቅ የለም፤ ስለዚህ አደጋም የለም ተብሎ ታሰበ። ነገር ግን ገንዘብ ተቀባዩ አሠልጣኝ አልነበረም። አጥንት ተሰበረ፤ አንገት ተጎዳ፤ ክስ በክስ ላይ ተደራረበ፤ የመድን ዋጋ ናረ። ሜዳዎቹ እንደ አመጣጣቸው በአጭር ጊዜ ውስጥ ጠፉ። ከዕቃው ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው ትልቅ ትምህርት ይህ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ከሜዳዎቹ ጋር አብሮ የተቀበረ ይመስላል።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው መንገድ ወደ ላይ ወጣ። በ1964 የመጀመሪያው የዓለም የትራምፖሊን ሻምፒዮና በለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ተካሄደ፤ በ2000 በሲድኒ ትራምፖሊን የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። የመጀመሪያዎቹን የወርቅ ሜዳልያዎች ሩሲያውያኑ ኢሪና ካራቫዬቫና አሌክሳንድር ሞስካሌንኮ ወሰዱ፤ ኒሰንም በሰማንያዎቹ ዕድሜው በስፍራው ተገኝቶ አየ። በ2010 በ96 ዓመቱ ዐረፈ።

ሁለተኛው መንገድ ግን ከትምህርት ቤት በር ወጣ። በትምህርት ቤቶች ውስጥ በደረሱ የአንገትና የአከርካሪ ጉዳቶች፣ በተለይም ወጣቶችን ከአንገት በታች ሽባ ባደረጉት ምክንያት፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ በ1977 ትራምፖሊን ከትምህርት ቤቶች የስፖርት ትምህርትና ውድድር እንዲታገድ ጠየቀ። በ1981 አቋሙን በጥቂቱ አላልቶ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ሊሞከር እንደሚችል ገለጸ። ትምህርት ቤቶቹ ግን የክስንና የመድንን ነገር አስበው አብዛኞቹ ዕቃውን አወጡት። እዚህ ላይ የታሪክ ምጸት አለ። ትምህርት ቤት ማለት አሠልጣኝ፣ ጠባቂና የጊዜ ሰሌዳ ያለበት ስፍራ ነው። ዕቃው ከዚያ ሲባረር የሄደው እነዚህ ሦስቱም ወደሌሉበት ስፍራ ነበር።

በ1990ዎቹ ክብ፣ ከቀላል የብረት ቱቦ የተሠራ፣ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጥና አባወራው ቅዳሜ ከሰዓት የሚገጣጥመው ትራምፖሊን በአሜሪካ ጓሮዎች ተስፋፋ። በ1998 የታተመ አንድ የሕክምና ጥናት እንዳሰላው፣ በትራምፖሊን ተጎድተው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የመጡት ልጆች በ1990 ወደ 29,600 ገደማ ነበሩ፤ በ1995 ወደ 58,400 ደረሱ። በ1996 ደግሞ በሁሉም ዕድሜ የተጎዱት 83,400 ገደማ ተገመቱ። አብዛኛው ጉዳት የደረሰው በቤት ነው። በ1999 አካዳሚው ትራምፖሊን በቤት ውስጥ፣ በመደበኛ የስፖርት ትምህርትም ሆነ በልጆች መጫወቻ ሜዳ ፈጽሞ ጥቅም ላይ እንዳይውል አሳሰበ።

ተማሪዎቼ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ እንዲቸኩሉ አልፈልግም። የተጎጂው ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ የዕቃውም ቁጥር አብሮ አድጓል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን እያንዳንዱ ዝላይ የበለጠ አደገኛ ሆነ አያሰኝም። ቁጥሩ የሚነግረን አደጋው የት እንደ ሰፈረ ነው። ቀድሞ ጥቂት ስፖርተኞችን የሚመለከት ጉዳይ የነበረው አሁን የተራ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል።

አምራቾቹ ዝም አላሉም። ሞላዎቹ በስፖንጅ ተሸፈኑ። በ1997 ዙሪያውን የሚያጥር መረብ ለገበያ ቀረበ። በኒው ዚላንድ በካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲስ የነበረው ኪት አሌግዛንደር ሞላውን ጨርሶ አውጥቶ ከሸራው በታች በሚታጠፉ የፋይበርግላስ ዘንጎች ተካው፤ ልጁ የሚያርፍበት ዳርቻ ላይ ብረት እንዳይኖር ማለት ነው። እነዚህ ቅን ሥራዎች ናቸው። ሆኖም አካዳሚው በ2012 ጉዳዩን ዳግመኛ ሲመረምር አንድ የማይመች እውነት አስቀመጠ። ከጉዳቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚደርሰው ከአንድ በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ሲዘል ነው። ከእነርሱም መካከል ትንሹ ልጅ ከከባዱ ይልቅ እስከ 14 እጥፍ ለጉዳት የተጋለጠ ነው። እኛ አጥር የሠራነው በዳር ነው፤ የአደጋው ትልቁ ድርሻ ግን ያለው በመካከሉ ነው።

ለምን እንደሆነ በቀላሉ ላስረዳ። ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን አባትና ሃያ ኪሎ የሚመዝን ልጅ አብረው ሲዘሉ፣ አባት ሲያርፍ ሸራውንና ሞላውን በጥልቅ ይለጥጣል። የተለጠጠው ኃይል መመለስ አለበት። በዚያች ቅጽበት ልጁ ሸራው ላይ ከሆነ፣ የአባቱ ክብደት ያጠራቀመው ኃይል እርሱን ይወረውረዋል፤ በገዛ እግሩ ሊደርስ ወደማይችልበት ከፍታ ይወጣል፣ አወራረዱንም አያውቅበትም። ወይም ልጁ እየወረደ ሸራው እየወጣ ከተገናኙ፣ ለስላሳ የመሰለው ሸራ እንደ ጠንካራ መሬት ይመታዋል። የአጥንት ሐኪሞች በጣም ትንንሽ ልጆች ላይ፣ ከጉልበት በታች ባለው አጥንት የላይኛው ጫፍ የሚያዩት ስብራት የዚህ ውጤት ነው። የትራምፖሊን ስብራት ብለው እስከ መጥራት ደርሰዋል። ልጁ አልወደቀም፣ ከመረቡም አልወጣም፤ አባቱ አብሮት ተጫወተ እንጂ።

ከዚህ የሚከተለው ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። ጥናቶቹ እንደሚያሳዩት ከጉዳቱ ከሲሶ እስከ እኩሌታ የሚሆነው የደረሰው አዋቂ ሰው እየተመለከተ ነው። ስለዚህ ችግሩን በወላጆች ቸልተኝነት ብቻ መፍረድ አይቻልም። ወላጁ በቦታው ነበረ፣ ዐይኑም ልጁ ላይ ነበረ። የጎደለው ምን ማየት እንዳለበት ማወቁ ነው። የአዮዋው አሠልጣኝ ያውቀው የነበረው ነገር በካርቶኑ ውስጥ ታሽጎ አልመጣም።

አሁን ወደ ወንድሜ ጥያቄ እመለሳለሁ፤ የመድን ድርጅቱን ምን አገባው? መልሱ ከትራምፖሊን በፊት የተጻፈ ነው። በኔብራስካ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ፣ የባቡር ኩባንያ ሳይቆልፍና ያለ ጠባቂ በተወው የባቡር ማዞሪያ መድረክ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት እግሩን ተጎዳ። ኩባንያው ልጁ ሳይፈቀድለት የገባ ነው ብሎ ተከራከረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1873 ለልጁ የተፈረደውን ካሳ አጸና። ከዚህ ፍርድና ከተከታዮቹ ያደገው ሐሳብ እንዲህ ይላል፦ በግቢህ ውስጥ ልጆችን የሚስብና የሚጎዳ ነገር ካኖርህ፣ ልጆች እንደሚመጡ ማወቅ ከቻልክ፣ አደጋውን ልጁ ራሱ ሊረዳው የማይችል ከሆነ፣ "አልጠራሁትም" ማለት ብቻውን ነጻ አያወጣህም። የመዋኛ ገንዳ በዚህ ሐሳብ ይዳኛል፤ ጠበቆችና የመድን ድርጅቶች ትራምፖሊንንም ከዚያው ይመድቡታል። ስለዚህ የወንድሜ ደብዳቤ የሚናገረው በዋናነት ስለ ወንድሜ ልጆች አልነበረም፤ አጥር ተሻግሮ ስለሚመጣው የጎረቤት ልጅ እንጂ።

ይህን በስልክ ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ፣ "እንግዲያው አንድ በአንድ እንዲዘሉ አድርጌ ሌላ መድን እፈልጋለሁ" አለኝ። እንዳለውም አደረገ። ከወር በኋላ ስጠይቀው ግን ልጆቹ ትራምፖሊኑን እንደተዉት ነገረኝ። ትንሿ ልጁ፣ "ብቻዬን ስዘል ጨዋታ አይደለም" ብላዋለች።

ይህች የልጅ ንግግር ከሐኪሞቹ ሰነድ እኩል አስባኛለች። የደኅንነቱ ደንብ ትክክል ነው፤ ማስረጃው ጠንካራ ነው። ልጆች ዕቃውን የሚወዱት ግን ደንቡ በሚከለክለው ነገር ምክንያት ነው፤ አብረው መዝለላቸው። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ደንቡን ይንቃሉ፤ ሌሎች ልጆች ሁሉ ከነገሩ ይራቁ ይላሉ። እኔ ከታሪኩ የምማረው ሌላ ነው። ይህ ግጭት ተፈጥሯዊ አይደለም፤ የተሠራ ነው። በናሉካታቅ አንዱ ሲዘል ሌሎቹ ተመልካች ሆነው አይቀሩም፤ ያዦች ናቸው፣ ጨዋታውም የእነርሱ ነው። በአዮዋ አዳራሽም በዙሪያው የቆሙት ተራቸውን እስኪያገኙ ጠባቂዎች ነበሩ። ኅብረቱ በሸራው ዙሪያ እንጂ በሸራው ላይ አልነበረም። እኛ ያዦቹን በሞላ፣ ጠባቂዎቹን በመረብ ስንተካ፣ ልጆቹ አብረው የሚሆኑበት ቦታ ሸራው ብቻ ሆነ። ከዚያም በሸራው ላይ አብረው በመገኘታቸው ወቀስናቸው።

ለሕግና ለታሪክ ተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ትቼ ልጨርስ። ትራምፖሊን ዛሬ በአዲስ አበባ የልጆች መዝናኛዎችና በአንዳንድ ግቢዎች ይታያል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2124 አባት አካለ መጠን ያልደረሰ ልጁ ለሚያመጣው ኃላፊነት ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ልጁን የሳበው ዕቃ ባለቤትስ? በክፍያ የሚያስዘልለውስ? ዕቃው ወደ እኛ ሲመጣ ዕውቀቱ አብሮት መጥቷል ወይስ እንደ ልማዱ ኋላ ቀርቷል? ይህን ማጥናት ያለብን ድንገተኛ ክፍሎቻችን ቁጥር መቁጠር ከመጀመራቸው በፊት ነው።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።